ከዜሮ ኪሎ ሜትር ወዲያ

በአዲስ አበባ ሁለት ፈረሰኞች የሚጠብቁት አንድ አደባባይ አለ። አንደኛው በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር የሚወጋው ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ የነሐስ ፈረስ ላይ የተቀመጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሐውልታቸው በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣልያን ነቅሎ ቀበረው፤ ነጻነት ሲመለስ እሱም ተመልሶ ቆመ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከጎናቸው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ግንባታው ሲጀመር የተሰጠው ስም «አድዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ነበር፤ ከዋና ከተማው ወደ አራቱ ማዕዘን የሚወጣው መንገድ የሚቆጠረው ከዚህ ነውና።

ዜሮውን አክብረናል። ሐውልት አቁመንለታል፣ ሙዚየም ሠርተንለታል፣ ፎቶ ተነሥተንበታል። ከዜሮው ወዲያ ያለውን 40፣ 100፣ 230 ኪሎ ሜትር ግን ለማን ነው የተውነው? ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በሰሜን ማዘጋጃ፣ በሰሜን ሆቴል፣ በአዲሱ ገበያ አድርጎ እንጦጦን በትከሻው የሚሻገረው መንገድ በዓለም ላይ ካሉት ውብ የተራራ መንገዶች ወደ አንዱ ይወስዳል። ይህን መንገድ በደስታ፣ ያለ ጉዳይ፣ ለማየት ብቻ ብሎ የሄደበት የጊዮርጊስ ሰው ስንት ነው? እኔ የማውቃቸውን በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል።

ነገሬ ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ቃሉን ስታነቡ ቦርሳችሁን ጠበቅ፣ ስልካችሁን ወደ ኪስ ገባ ያደረጋችሁ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ዳሩ ግን ክርክሬ ከዚሁ ይጀምራል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን ጀምሮ፣ ለይቶ ከፈቀደላቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ ሞተር ብስክሌት በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ምክንያቱ ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። ቅሚያው ውሸት አልነበረም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የተነጠቀችውን፣ ቦርሳዬን አልለቅም ብላ አስፋልት ለአስፋልት የተጎተተችውን ሴት ሁላችንም እናውቃለን። ቆይቶ ፈቃድ ላወጣና መከታተያ መሣሪያ ላስገጠመ ተፈቀደ። መመሪያው ላላ፤ የሰው ዓይን ግን አልላላም። ዛሬም ሁለት ሰዎች በአንድ ሞተር ሲያልፉ መንገደኛው ወደ ግድግዳው ይጠጋል።

ለመሆኑ ኪስ አውላቂ በታክሲ ውስጥ ሲሰርቅ ታክሲ ተከልክሎ ያውቃል? በቤት መኪና ሰው አፍነው የዘረፉ ሲያዙ የቤት መኪና ሁሉ ቤቱ ይዋል ተብሎ ያውቃል? ሞተር ላይ ግን እንዲህ ለማለት ማንም አልከበደውም፤ ምክንያቱም ሞተር በእኛ ዘንድ ወገን የለውም። ባለ መኪናው ሞተረኛውን ትንኝ ነው ይለዋል፤ እግረኛው ሌባ ነው ይለዋል፤ እናቱ ደግሞ ገና ሲገዛው ለቅሶ ትቀመጣለች።

ይህ የሆነው ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ በኖረበት አገር ነው። አባ ታጠቅ ቢባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ቢባል ምኒልክ፣ አባ መላ ቢባል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ነፍሶ ቢባል ባልቻ ነበሩ። ፈረሰኛነት ማዕረግ ነበር። ፈረሱ ብረት ሲሆን ማዕረጉ ወዴት ሄደ? በገጠሩ አልጠፋም። ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረውን የጤና ባለሙያ፣ በያማሃ የተራራ ጥግ የሚደርሰውን የግብርና ሠራተኛ ገበሬው ከሩቅ በሞተሩ ድምፅ ይለየዋል፤ ልጆች እየሮጡ ይቀበሉታል። ማዕረጉን የገፈፍነው እኛ የከተማዎቹ ነን።

አሁን ወደ መንገዱ ልውጣ።

የእኛ ሰው አገሩን የሚያቋርጠው እንዴት ነው? ሌሊት 10 ሰዓት ይነሣል። በጨለማ አውቶቡስ ይሳፈራል። ገና ከተማው ሳይወጣ መጋረጃው ይዘጋል። መስኮት? መስኮት የሚባል ነገር በኢትዮጵያ አውቶቡስ ላይ ለጌጥ የተሠራ ነው። አንዱ ሙቀት አፍኖት አንድ ጣት ያህል ቢከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ልጅ ይዣለሁ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከፊት ደግሞ «ብርድ ይመታናል» የሚሉ አዛውንት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጠመጥማሉ። አርባና ሃምሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ፣ በሎሚ ሽታና በቴሌቪዥኑ ቀልድ መካከል፣ ዓባይን የሚያህል ሸለቆ ይወርዳል።

አንድ ወዳጄን «ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ ተሻግረሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሃያ ጊዜ ይሆናል» አለኝ። «ምን አየህ?» ብለው «ፌስታል» አለኝ።

ሳቅን። ነገሩ ግን አያስቅም። የአገሩን ሰው ሃያ ጊዜ ያሻገረ መንገድ አንዴም አልታየም ማለት ነው። መንገድ በእኛ ዘንድ እንደ ጥርስ ማስነቀል ሆኗል፤ ዓይን ጨፍኖ፣ ጥርስ ነክሶ፣ ቶሎ ማለቁን እየለመኑ። ሰው ከመንገድ ሲመጣም «እንኳን በሰላም ገባህ» እንለዋለን እንጂ «ምን አየህ?» ብለን አንጠይቀውም።

በዚህ መካከል ሌሎች ያያሉ። ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ በ1973 እ.ኤ.አ. ከለንደን በትራያምፍ ሞተር ተነሥቶ በአራት ዓመት ዓለምን ሲዞር ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ የጻፈውም መጽሐፍ እስከ ዛሬ በሞተረኞች ዘንድ እንደ ዳዊት ይደገማል። በ2007 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ኬፕ ታውን በቢኤምደብልዩ ሲወርዱ የእኛን ተራሮች ዓለም በቴሌቪዥን አየላቸው። እነሱን ተከትሎ ብዙ ሞተረኛ መጥቷል። መምጣታቸውን አልጠላም፤ እንዲያውም ውኃ ጠጡልኝ ብዬ የምቀበላቸው ናቸው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የጊዮርጊስ ልጅ ያንን ባለ ሣጥን ትልቅ ሞተር ሲያይ «ፈረንጅ ሥራ ፈት ነው» ብሎ ያልፋል። ተራራ መውደድ፣ ኩርባ መውደድ፣ ነፋስ መውደድ የነጭ ቅንጦት ተደርጎ ተመዝግቧል።

ቅንጦት ከሆነ በማን ሜዳ ነው የሚቀናጡት? በአውሮፓ ሞተረኛ ሁሉ ሊሳለመው የሚመኘው መንገድ በአልፕስ ተራሮች ላይ ያለው ስቴልቪዮ ነው። በ1825 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 2,757 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በአንድ ወገኑ ብቻ 48 ኩርባዎች የተቆጠሩለት ነው። ክረምት ሲገባ በረዶ ስለሚዘጋው የሚነዳው በበጋ ወራት ብቻ ነው። እኛስ? ከጊዮርጊስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በባሌ ከጎባ ወጥቶ ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ 4,000 ሜትርን አልፎ ይሄዳል፤ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር አይጥ ስታድን ትታያለች፤ ከዚያ መንገዱ ተወርውሮ ሀረና ጫካ ውስጥ ይገባል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ሁለቱን ሐይቆች ከእግር ሥር እያስቀረ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞ አለ። በረዶ የሚዘጋው አንድም የለም። የሚዘጋውን ኋላ እመጣበታለሁ።

ለቱሪስት ስንሸጥ ደግሞ ምን እንሸጣለን? ቤተ ክርስቲያን፣ ግንብ፣ ሐውልት፣ አጽም። «የ13 ወር ፀጋ» ስንል ቆየን፤ «ምድረ ቀደምት» አልን። ሁሉም ደግ ነው። በሁለት ሐውልት መካከል ያለው መንገድ ራሱ ዕይታ መሆኑን ግን አልቆጠርነውም። ጎብኚው ከአየር ማረፊያ ወደ አየር ማረፊያ ይዘላል። ባላገሩ መጋረጃ ዘግቶ ያልፋል። ሸለቆው ዝንጀሮ ብቻ ያየዋል።

የሞተረኛውን ጠበቃ ከሆንኩ ዘንድ ሞተረኛውንም ልውቀሰው። የእኛን ጥቂት ሞተረኞች የያዛቸው ደዌ «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» የሚባለው ነው። ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «በአንድ ቀን ገባሁ» ይላል አንዱ። «እኔ ለምሳ ደረስኩ» ይላል ሌላው። መልካም፤ ከዚያስ? ወገባችሁ ተሰብሮ፣ ዓይናችሁ ደም ለብሶ፣ ሆቴል ገብታችሁ ተኛችሁ። ከአውቶቡሱ መንገደኛ በምን ተለያችሁ? እሱ መጋረጃ ዘጋ፤ እናንተ ፍጥነት ዘጋችሁ። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው የሚያየው የአስፋልቱን መስመርና የሚሸሸውን አህያ ነው።

ደስ የሚል ጉዞ ዕቅድ ይፈልጋል፤ ዕቅድ ሲባል ግን ኪሎ ሜትር በሰዓት ማካፈል አይምሰላችሁ። አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ዕቅድ ያውቁ ነበር። የበቅሎ መንገደኛ ቀኑን የሚቆርጠው በውኃው፣ በሣሩና በማደሪያው ነው። ዳገቱን በጠዋት፣ ሜዳውን በቀትር፣ ቆላውን ፀሐይ ሲበርድ ነው። የምኒልክ ሠራዊት በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓድዋ የደረሰው አምስተኛው ወር ላይ ነበር፤ ያን ያህል ሕዝብና ከብት በተራራ ላይ ማንቀሳቀስ የተቻለው የት እንደሚታደር፣ የት ውኃ እንዳለ፣ መቼ እንደሚታረፍ ስለታሰበ ነው። ሞተረኛው ይህን ትምህርት ከባዕድ መጽሐፍ መፈለግ የለበትም። በነሐስ ፈረስ ላይ የተቀመጡት ሰው እላዩ ላይ ናቸው።

እኔ የተራራ መንገድ ሳቅድ በቀን ከ230 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም። የመረጥኩት ቁጥር አይደለም፤ ከጊዮርጊስ ደጀን ስለሆነ ነው። ወሩ ኅዳር ነው። በክረምት ገደሉ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱ ሣሙና ይሆናል፤ መስከረም በአደይ አበባው ይጣራል፤ ዝናቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። በኅዳር ሰማዩ ታጥቦ ያደረ ነው፤ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ ገበሬው አጨዳ ላይ ነው። መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ። «ለምን ሌሊት አትነሣም፣ መንገዱ ጭር ይላል» የሚሉኝን አልሰማም። ሌሊቱ የእነ ኢሱዙ ነው። ሕዝቡ ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሲሰይም ለቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ስም ያወጣው ቀባሪው ነው።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የካቴና ዘይት፣ የዝናብ ልብስ። (ጣልያን ተባሮ ሰማንያ ምናምን ዓመት ሲሞላው የሞተር መለዋወጫችን ሁሉ ገና ጣልያንኛ ይናገራል። ይህም ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ሄልሜቴን በራሴ ላይ አደርጋለሁ፤ በክርናቸው አንጠልጥለው ትራፊክ ሲያዩ የሚደፉት ክርናቸው ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን ይንገሩኝ።

ኬላን አልፎ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወጡ ውርጭ ነው። ጣት ይደነዝዛል። ስለዚህ 40 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጫንጮ፣ ሻይ ግዴታ ነው፤ የደነዘዘ እጅ ፍሪሲዮን አይዝም። እዚህ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ካንዴላ ሲፈታ ይውላል፤ የሚያውቅ ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት ይወጣል። መቶኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው ቅያስ አለ። መታጠፍ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ማየት፣ ከታች ያለውን ገዳም ማሰብ። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱን የፈጁት እዚህ ነው። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ቅያሱን ማየቱንም እጠራጠራለሁ።

ፍቼ ምሳ ይበላል፤ ረሀብ ባይኖርም ይበላል፤ ቆላ በባዶ ሆድ አይወረድም። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ ቡና መጠጣት የግድ ነው፤ ሰውየው እንዲጠጣ፣ ፍሬኑ እንዲበርድ። ከዚህ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲለው መጮኽ ብቻ ይቀረዋል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ፣ ቀስ። ኮቱ ይወልቃል፤ ከዚያ ሹራቡ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ዝቅ ሲሉ ኖራ ድንጋይ፤ ከዚያም ጀሶ ያዘለ ንብርብር፤ ከግርጌው አሸዋ ድንጋይ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ያንን ባለ ጀሶ ንብርብር በጎሃ ጽዮን ስም ይጠሩታል። ኖራ ድንጋዩ ድሮ ባሕር ነበር። ሰው በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከእሳተ ገሞራ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል፤ ይህን ለማየት መጋረጃ አለመዝጋት በቂ ነው።

ታች ድልድዩ አለ። አሮጌው፣ ከጎኑ ደግሞ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ፣ 303 ሜትር። ጥበቃ ስላለ አትቆምበትም፤ ዝግ ብለህ ታልፋለህ። የዓባይ አየር ፊትህን ይለበልበዋል። ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱ ነው፤ መሬቱ አርፎ ስለማይተኛ በየጊዜው ይሰነጠቃል፤ የተጠገነው እንደገና ይጎብጣል። ከሲኖው ኋላ ተደብቀህ ጭሱን አትጠጣ፤ ቁም፣ ዳር ያዝ፣ ይለፍህ። ምን ያስቸኩልሃል? ደጀን አትሄድም፤ ከአፋፍዋ ላይ ሆነህ የመጣህበትን ማዶ ስታይ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ወደ ጣርማ በር የሚሄድም ያው ነው፤ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ብርድ ነው፤ ጣርማ በር የጉም ነው። ጣልያኖች የፈለፈሉት ዋሻ 600 ሜትር አይሞላም፤ በብርሃን ለኖረ ዓይን ግን ረጅም ነው። ጥቁር መነጽር ከመግባት በፊት ይወልቃል፣ መብራት ይበራል፣ ፍጥነት ይሞታል። ከዋሻው ሲወጡ ምድር ይከፈታል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያንን ዋሻ የቆፈሩትና ያንን ድንጋይ የተሸከሙት ብዙዎቹ ስማቸው ያልተጻፈ የአገሬ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዋሻ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ከሚያልፍ መንገደኛ ይልቅ፣ አቁሞ ግድግዳውን በእጁ የሚዳስስ ሞተረኛ ያስባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የዘገየሁበትን ላንሣ።

ጊዮርጊስ አካባቢ አብረን ቡና የምንጠጣ አንድ የማከብራቸው ጋሼ አሉ። ይህን ሁሉ ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ለቀብር መሄድ አቅቶት አንተ ስለ ሽርሽር ታወራለህ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። እኔ የዘረዘርኩት መንገድ፣ ፍቼን አልፎ ጎሃ ጽዮን ሳይደርሱ፣ ገርበ ጉራቻ ላይ ያልፋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች እዚያ አካባቢ ቆመው ከመቶ በላይ ሰዎች ታግተው ተወሰዱ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ መንገድ የታገተው፣ ገንዘብ የተጠየቀበት፣ ቤት ሸጦ የተቤዠው ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዱ በአንድ ሳምንት ተከፍቶ በሌላው ሲዘጋ ኖሯል። ጣርማ በርም፣ ሊማሊሞም ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነት ያዩትን አይተዋል። ስቴልቪዮን በረዶ ይዘጋዋል፤ የእኛን ሰው።

ስለዚህ ጋሼ «ተው» ነው የሚሉኝ። ብዙ አንባቢም እንደሳቸው የሚል ይመስለኛል። እኔ ግን አልተውም። ማንንም «ነገ ውጣ» አልልም፤ ያንን ማለት ወንጀል ነው። ዕቅዴ የሚጀምረው አዲሱ ገበያ ላይ ከደጀን የገባ ሹፌር ፈልጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» በማለት ነው፤ ሹፌሩ ራሱን ከነቀነቀ ዕቅዱ እዚያው ያልቃል። መመለስን ያላሰበ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። የማልተወው መንገዱን መመኘትን፣ የእኔ ነው ማለትን ነው።

ጋሼ እንዳሉት ለቀብር የሚሄድ ሰው አለ። እሱ ግን መንገዱ ሰላም ባይሆንም ይሄዳል፤ ወንድሙ ሞቶበታልና። ነጋዴው ይሄዳል፤ ልጆቹ ይራቡበታልና። ተማሪው ይሄዳል፤ ግቢው ተዘግቶበታልና። እነዚህ ሁሉ መሄዳቸው የሰላም ምልክት አይደለም። ባለሥልጣኑ በቴሌቪዥን ቀርቦ «እንቅስቃሴው ወደ ቀድሞው ተመልሷል፣ ይኸው አውቶቡሱ ይመላለሳል» ሲል እኔ የማላምነው ለዚህ ነው። ግድ ሆኖበት የሚሄድን ሰው ቆጥሮ ሰላም ነው ማለት ማጭበርበር ነው። ያለ ምንም ጉዳይ፣ ኅዳር ጠዋት ላይ፣ ጤፍ ሲታጨድ ላያት ብሎ፣ ያለ አጀብ፣ ያለ ፍራንካ፣ ብቻውን በሞተር ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ደጀን ምሽቱን ጠጅ የሚጠጣ ሰው ሲገኝ፣ ያኔ ንገሩኝ። ሽርሽር ቀልድ የሚመስለው ስንቱን ጥያቄ እንደያዘ ሳናስበው ነው።

ደግሞም አለመመኘት ራሱ ይለመዳል። አሁን በፒያሳ የሚያድገው ልጅ የዱባይን ፎቅ ሜትሩን ቆጥሮ ይነግራችኋል፤ ዓባይ ሸለቆን በስልኩ እንኳ አላየውም። መንገድ የተዘጋበት ትውልድ መንገድ መፈለጉን ሲያቆም ያ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ይዘጋል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ፣ ፒያሳ ተጠርጎ፣ አስፋልቱ ሰፍቶ፣ የብስክሌት መስመር ሳይቀር ተሰምሮ አየን። ከዜሮው ላይ ሰፊ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ታውቋል ማለት ነው። እንግዲያው ከዜሮው ወዲያ ላለው ጥቂት ነገር ብንጠይቅ አያንሰንም። ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ መኪናም ሞተርም የሚቆምበት የተደላደለ ቦታና ከፍታውን የሚናገር ሰሌዳ። ገደሉ ዳር የማይወድቅ መከለያ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መብራት። አውቶቡስ ላይ አንድ የሚከፈት መስኮት፣ ሰውየው ልጅ ቢይዝም። ሞተረኛ ሲቆም ደግሞ መጀመሪያ «ከየት ሰረቅኸው?» ሳይሆን «ወዴት ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ።

ጋሼ ይህንንም ሰምተው አልተስማሙም። «አንተ ስትሄድ እኔ ሻማ ላብራልህ ነው?» አሉኝ። ሻማውን አልተቃወምኩም። እስከዚያው ከሰሜን ሆቴል ሽቅብ ወጥቼ፣ የእንጦጦን ኩርባ በሦስተኛ ማርሽ ይዤ፣ ሱሉልታ ሜዳው ከሚታይበት ላይ ሞተሩን አጠፋና ትንሽ እቆማለሁ። 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲያ 215 ይቀራል።